ነሐሴ 1898፦ ከእንሴኖ ማዶ የተነሣው ርዕደ መሬት

ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ ፍልሰታ ከተፈታ ገና ሦስት ቀኑ። ከጉራጌ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች የክረምቱን ጎርፍ ይዘው ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚገሰግሱበት፣ ሜዳው የሚረሰርስበት ወቅት ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ዛሬ በቡታጅራና በዝዋይ መካከል የእንሴኖ ከተማ ካለችበት በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ ከመሬት ሥር ያለው ዓለት ተሰንጥቆ ተንሸራተተ። ከእንሴኖ እስከዚያ በቀጥታ ቢለካ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ንዝረቱ አዲስ አበባ ደርሶ ሕዝቡን አሸበረ፤ ባሕር ማዶ የነበሩ መሣሪያዎችም መዘገቡት። ኋላ ሊቃውንት ሲያሰሉት መጠኑ በሬክተር መለኪያ እስከ 6.8 ደረሰ። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በመሣሪያ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው።

ያ ዓመት ለሌላውም ዓለም ክፉ ዓመት ነበር። ሚያዝያ 10 ቀን ሳን ፍራንሲስኮ ተንቀጠቀጠች፤ ከመንቀጥቀጡ በኋላ የተነሣው እሳት ለቀናት ነደደ፣ 3,000 የሚሆን ሰው አለቀ፣ ከከተማዋ ነዋሪ ከግማሽ በላይ ቤት አልባ ሆነ። ነሐሴ 10 ቀን የቺሊዋ ወደብ ቫልፓራይሶ ፈረሰች፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። የላንጋኖው ርዕደ መሬት የደረሰው ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ነው። ሦስቱ የተነሡት በየራሳቸው ስንጥቅ ላይ ነውና የሚያያይዛቸው የመሬት ውስጥ ገመድ የለም፤ ዓመቱ ብቻ ነው የገጠመላቸው። ከዚያ በኋላ የተከተለው ግን በጣም የተለያየ ነው። በሳን ፍራንሲስኮና በቫልፓራይሶ ላይ መደርደሪያ የሚሞሉ መጻሕፍት ተጽፈዋል። ስለ ላንጋኖው በጽሑፍ የተላለፈው ጥቂት ገጽ ነው፤ እሱም በአብዛኛው የአዲስ አበባን ድንጋጤ የሚናገር።

ከዚህ ዝምታ አንድ የተሳሳተ እምነት ተወልዷል። ብዙ ሰው የሞተበት ታሪክ ስላልተሰማ፣ የጉራጌና የዝዋይ አካባቢ ርዕደ መሬት የማያውቀው አገር ይመስላል። አደጋን በሬሳ ቁጥር የመለካት ልማድ ያመጣው ስሕተት ነው። የነሐሴ 1898ቱ መንቀጥቀጥ ኃይለኛ ነበር፤ ቀላል የነበረው ከላዩ የቆመው ቤት ነው።

አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ከተቆረቆረች ሃያ ዓመት ያህል ሆኗታል። አጼ ምኒልክ ራስ መኮንን በመጋቢት ሞተውባቸው ገና በሐዘን ላይ ነበሩ። በከተማዋ የውጭ አገር ቆንስላዎች፣ ነጋዴዎችና ሚስዮናውያን ስለነበሩ የተሰማው ንዝረት በደብዳቤና በማስታወሻ ሰፈረ። አዲስ አበባ ግን ከላንጋኖ በቀጥታ መስመር ወደ 150 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ለንዝረቱ እምብርት ይቀርብ የነበረው ሌላ ሰው ነው፦ በዝዋይ ደሴቶች ላይ የሚኖረው ዘይ፣ በሜዳው ላይ ከብቱን የሚያሰማራው አርሲ፣ የማረቆ፣ የመስቀንና የስልጤ ገበሬ። በዚህ ሁሉ አገር በዚያ ዘመን ጋዜጣ የለም፣ ፖስታ ቤት የለም፣ ቆንስላ የለም። የሩቁ ሰው የደነገጠውን ጻፈ፤ የቅርቡ ሰው ያየውን ለልጆቹ በቃል ነገረ።

የተበታተነውን መረጃ ለመሰብሰብ ከሃምሳ ዓመት በላይ ወሰደ። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራው የመሬትን መግነጢስ መለካት ነበር፤ አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ለዚህ ተመራጭ ቦታ ናት። የተቋሙ መሪ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን ግን ከመሣሪያው ባሻገር ወደ መዛግብት ዞሩ። ከነገሥታት ዜና መዋዕል፣ ከተጓዦች ማስታወሻ፣ ከሚስዮናውያን ደብዳቤ የመንቀጥቀጥ ወሬ እየለቀሙ፣ ከመሣሪያ መዝገብ ጋር እያመሳከሩ፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ በ1971 ዓ.ም. በትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። የነሐሴ 1898ቱን ከላንጋኖ አካባቢ ጋር ያያያዙት እሳቸው ናቸው። አገሪቱ ስለራሷ መሬት ያላትን ትዝታ ከመጥፋት ካዳኑት ሰዎች አንዱ ሆነው ሊመሰገኑ ይገባል።

መሬቱ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ለመረዳት እንሴኖ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ማየት ብዙ ያስተምራል። በስተምዕራብ፣ ከቡታጅራ ጀርባ፣ የጉራጌ ተራራ ከ3,700 ሜትር በላይ ተገትሯል። በስተምሥራቅ መሬቱ እየተለጠጠ ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ከባሕር ወለል 1,636 ሜትር ይደርሳል። በሃምሳና ስልሳ ኪሎ ሜትር ስፋት ውስጥ ከ2,000 ሜትር በላይ ልዩነት ማለት ነው። ይህን ገደል ወንዝ አልቆረጠውም። ምሥራቁና ምዕራቡ የአፍሪካ ክፍል በየአቅጣጫው ሲሳሳብ መካከሉ ሰምጦ የተፈጠረ ነው። መሳሳቡ ዛሬም አልቆመም፤ በሳተላይት መለኪያ በዓመት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከነሐሴ 1898 ወዲህ የተጠራቀመው ከግማሽ ሜትር በላይ ሆኗል። ሁሉም በመንቀጥቀጥ አይወጣም፤ ከፊሉን ከሥር የሚገባው የቀለጠ ዓለት እየሞላው በዝግታ ያልፋል። ከፊሉ ግን ዓለቱን እያስጨነቀ ይቆያል፣ አንድ ቀን በሰከንዶች ውስጥ ይለቀቃል።

በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ከቢሾፍቱ ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ስልጤ የሚዘልቅ የእሳተ ገሞራ መስመር አለ። የቢሾፍቱ ሐይቆች የፍንዳታ ጉድጓዶች ናቸው። ከቡታጅራ በስተደቡብ ያለው የአረ ሸይጣን ሐይቅም እንዲሁ ነው፤ ወደ ላይ የወጣ የቀለጠ ዓለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ የፈነዳበት ጉድጓድ ኋላ ውኃ ሞላው። ጎብኚው ከአፋፉ ቆሞ ፎቶ ሲነሣ፣ ከእግሩ ሥር ያለው መሬት በቅርብ የጂኦሎጂ ዘመን የተቀደደ መሆኑን ልብ ቢል ደግ ነው። በዝዋይና በላንጋኖ መካከል ደግሞ አሉቶ እሳተ ገሞራ አለ፤ እንፋሎቱ ኤሌክትሪክ እስከ ማመንጨት የደረሰ።

እንግዲህ ኃይሉ ይህን ያህል ከሆነ ጉዳቱ ለምን አነሰ?

መልሱ በጉራጌ ጎጆ ውስጥ ነው። በመንቀጥቀጥ ጊዜ ቤትን የሚጥለው በአብዛኛው የራሱ ክብደት ነው። መሬቱ ወደ ግራና ቀኝ ሲወረወር ቤቱ በነበረበት መቆየት ይፈልጋል፤ በከበደ መጠን እምቢታው ይበዛል፣ በዚያው ልክ መጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ያይላል። የጎጆው ግድግዳ እንጨት ነው፣ ጣሪያው ሣር ነው፣ መካከሉን ምሰሶ ይዞታል። ቋሚው ከማገሩ፣ ማገሩ ከወጋግራው በልጥና በሐረግ የታሰረ በመሆኑ መጋጠሚያው ሁሉ ጥቂት ይላወሳል፤ እንደ ቅርጫት ይወዛወዛል እንጂ በአንድ ጊዜ አይሰበርም። ክብ ስለሆነ ጉልበቱ የሚጠራቀምበት ማዕዘን የለውም። ቢወድቅ እንኳ ከሥሩ ያለውን ሰው የሚጨፈልቅ ድንጋይ የለበትም። የጎጆው ትልቅ ጠላት ምድጃው ነው፤ ፍሙ ሣሩን ከያዘ ቤቱ ያልቃል። መንቀጥቀጡ በቀን፣ በእርጥብ ነሐሴ፣ ብዙው ሰው ከብትና ማሳ ላይ ባለበት ሰዓት መድረሱም አንድ ዕድል ነበር። ከቤቱ ጓሮ ያለው እንሰትም መሬት በመወዛወዙ አይጠፋም፤ ቤቱ የተጎዳበት ሰው የሚበላው አላጣም።

ቤቱ ከእንጨትና ከሣር ወደ ድንጋይ ሲዞር የሚመጣውን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ግንቦት 1953 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋና በወሎ ወሰን በካራ ቆሬ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። ትልቁ ንዝረት በመጠኑ ከላንጋኖው ጋር የሚቀራረብ እንጂ የሚበልጥ አልነበረም። የማጀቴ ከተማ ግን ፈረሰች፣ ካራ ቆሬም ክፉኛ ተጎዳች፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ያለ መጠለያ ቀረ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ዋና መንገድ በናዳና በስንጥቅ ተበላሸ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በአፋር የሰርዶ መንደር ፈርሳ የሰው ሕይወት ጠፋ። ሁለቱም የደረሱት ጥቂት ሺህ ወይም ጥቂት መቶ ሰው በሚኖርባቸው ቦታዎች ነው።

ዛሬ ቡታጅራን፣ ወራቤን፣ ባቱን፣ ሻሸመኔን፣ ሐዋሳን ያየ ሰው በነሐሴ 1898 ያልነበረ አገር ነው የሚያየው። እንሴኖም ብትሆን ከመንገዱ ዳርና ዳር ብሎኬትና ቆርቆሮ፣ አልፎ አልፎም ፎቅ የያዘች የገበያ ከተማ ሆናለች። በርበሬና በቆሎ ሸጦ፣ ወይም አዲስ አበባ ነግዶ ያገኘውን ይዞ፣ ሰው ለልጆቹ የሚቆይ ቤት መሥራቱ የሚያኮራ ነገር ነው። ጥያቄው ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

በትናንሽ ከተሞች ደጋግሞ የሚታይ አሠራር አለ። የምድሩ ወለል ለሱቅ ይተውና ፊቱ በሙሉ በር ይሆናል፤ ግድግዳ የለውም፣ የላዩን ሁሉ የሚሸከሙት ቀጫጭን ኮለኖች ናቸው። ከላይ ሶሌታ፣ ከሶሌታው በላይ የብሎኬት ግድግዳ፣ እንደገና ሶሌታ ይጫናል። ፎቁ ከምድሩ ወደ ውጭ እንዲወጣም ይደረጋል፤ ቦታ ይጨምራልና። እንዲህ ያለው ሕንፃ ቀጥ ብሎ ለመቆም በቂ ነው፤ በየቀኑ የሚሸከመው ወደ ታች የሚጫን ክብደት ብቻ ነውና። መሬቱ ወደ ጎን ሲወረውረው ግን ጉልበቱ በሙሉ ግድግዳ በሌለው በሱቁ ወለል ኮለኖች ራስና እግር ላይ ያርፋል። በቱርክም፣ በሜክሲኮም፣ በሄይቲም ፎቆች ተደራርበው ከወደቁባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ዓይነት ድክመት ነው።

የጭቃ ቤቱም ከሥጋት ነፃ አይደለም። በእንጨት ቋሚ የቆመ፣ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት ቀላል በመሆኑ ከመጥፎ የብሎኬት ፎቅ ይሻላል። በቆላማው ሜዳ ግን ምስጥ የቋሚውን እግር ከመሬት በታች ይበላዋል። ከላይ ልስኑ አምሮ፣ ቀለሙ ደምቆ፣ ከሥር ቤቱን የያዘው አፈር ብቻ ሆኖ ይገኛል።

የአፈሩ ነገር ደግሞ ለብቻው መነሣት አለበት። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ የሚወርደው ሜዳ አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ አመድና ከጥንት ሐይቅ ደለል የተሠራ ነው። ልል አፈር ንዝረትን ያጎላል፤ ዓለት ላይ የተሠራ ቤት የማይሰማውን ውዝዋዜ ደለል ላይ የቆመው ይሰማዋል። ከዚህም ሌላ በስምጥ ሸለቆው ወለል ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ መሬቱ በረጅሙ ተሰንጥቆ የሚከፈትበት ጊዜ አለ። ኢትዮጵያዊው የርዕደ መሬት ተመራማሪ ላይከማርያም አስፋው እነዚህን ስንጥቆች አጥንተው ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ላይ ጽፈዋል። ስንጥቁ በአንድ ቀን አይሠራም። ከሥር ቀድሞ የተከፈተውን ክፍተት ጎርፉ አፈሩን እየጠረገ ይገልጠዋል። ቤት የሚሠራ ሰው በክረምት ውኃ የሚሰወርበትን መስመር ሽማግሌዎችን ቢጠይቅ፣ ከማንኛውም ካርታ ቀድሞ የሚያገኘው መረጃ ይሆናል።

አገሪቱ ደንብ የላትም ማለት አይደለም። ርዕደ መሬትን የሚመለከት የሕንፃ ሥራ ደንብ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ተዘጋጅቷል፣ በ1987 ዓ.ም. ገደማ ተሻሽሏል፣ ከዚያም በ2007 ዓ.ም. አካባቢ ከአውሮፓው ጋር እንዲጣጣም ሆኖ እንደገና ወጥቷል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ትልልቆቹ በባለሙያ ዲዛይንና ቁጥጥር እንዲሠሩ አዘዘ። በዚያ አዋጅ ትንሹ ባለ አንድ ወለል ቤት የሚጠየቀው ጥቂት ነበር። ብዙው የኢትዮጵያ ሕዝብ የሚያድረው ደግሞ በዚሁ ትንሽ ቤት ውስጥ ነው። ደንቡ ከተማ ሲያድግ ከሚመጣው ፎቅ ጋር አብሮ ወደ ወረዳ ከተሞች መውረድ ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ ፕላኑን አይቶ ማኅተም የሚመታው መሐንዲስ ግንባታው ቦታ ላይም መገኘት አለበት።

በዚያው ዘመን፣ ከላንጋኖው ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አደጋ ደርሶባት መሬቷን ያወቀች አንዲት ከተማ ነበረች። ጳጉሜን 3 ቀን 1892 ዓ.ም. በአሜሪካ የቴክሳስ ጠረፍ የምትገኘውን የጋልቨስተን ደሴት ከተማ ከባሕር የመጣ አውሎ ነፋስ መታት። የከተማዋ ከፍተኛ ቦታ ከባሕር ወለል ሦስት ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር፤ ነፋሱ ገፍቶ ያመጣው ውኃ ከአራት ሜትር በላይ ከፍ አለ። ቢያንስ 6,000 ሰው ሞተ፤ በአሜሪካ ታሪክ ይህን ያህል ሕይወት ያጠፋ የተፈጥሮ አደጋ የለም። ከአደጋው በፊት የባሕር መከላከያ ግንብ ይሠራ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ሰሚ አላገኙም። ከአደጋው በኋላ ግን ከተማዋ አምስት ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ገነባች፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን ከመሠረታቸው አንሥታ ከሥራቸው አሸዋ ሞላች። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ሌላ ብርቱ ማዕበል ሲመጣ ከግንቡ ጀርባ ያለው ሕዝብ በብዛት ተረፈ።

እንዲህ ያለው አውሎ ነፋስ ከሞቀ ውቅያኖስ ጉልበቱን ስለሚያገኝ የብስ ሲነካ ይደክማል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ማዕበል ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ገብቶ ሶማሌላንድንና ጅቡቲን መትቶ፣ ለምሥራቅ ኢትዮጵያ የተረፈው ብርቱ ዝናብና ጎርፍ ነበር። እንሴኖ ድረስ የሚዘልቅ ባሕራዊ ማዕበል የለም። ነፋስ ደግሞ ከመድረሱ በፊት ይታያል፣ ይተነበያል፣ ሰው ይሸሻል። የርዕደ መሬትን ቀን አስቀድሞ የሚያስታውቅ መሣሪያ ግን እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህ ጋልቨስተን ከአደጋው በኋላ የሠራችውን፣ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ቀድመው ሊሠሩት የግድ ነው።

ማስታወሻው በቅርቡም ደርሷል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ለወራት ተናወጠ፤ ከሥር የገባ የቀለጠ ዓለት ነበር መነሻው። ታኅሣሥ 26 ቀን ወደ 5.7፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 ደረሰ። ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ተሰነጠቁ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከአፋርና ከኦሮሚያ ወረዳዎች ተነሣ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሌሊት በደረጃ ወረደ። በልኬቱ ስሌት የነሐሴ 1898ቱ ከእነዚህ ትልቁን በጉልበት አሥራ ስድስት ጊዜ ያህል ይበልጠዋል።

ጉዳት ከሕንፃ መውደቅ ብቻ አይመጣም። በጥር 2008 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ የተሰማው ንዝረት መጠኑ ከአምስት በታች ነበር፤ ሕንፃ አልጣለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን በሽሽትና በግርግር ተጎዱ። መሬቱ በሚወዛወዝባቸው ጥቂት ሰከንዶች ደረጃ ላይ መጋፋት፣ ከፎቅ መዝለል ከመንቀጥቀጡ ይብሳል። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራስን መከለል፣ ከመስኮትና ከቁምሳጥን መራቅ፣ ንዝረቱ ሲያበቃ ቀስ ብሎ ወደ ገላጣ ቦታ መውጣት ይሻላል። ለሕፃናት ይህን በክፍል ውስጥ ማለማመድ ገንዘብ አይጠይቅም። ለገላጣ ቦታ ደግሞ ጉራጌ ከጥንት የተዘጋጀ ነገር አለው፦ ከቤቶቹ ፊት የሚዘረጋው ሰፊው ሣራማ ጀፎረ። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለሸንጎ የተተወው ይህ ሜዳ በአደጋ ቀን መንደሩን በሙሉ ይይዛል። ከተማ ሲሰፋ ጀፎረውን ለሱቅ መሸንሸን ሕዝቡን መሸሻ ማሳጣት ነው።

በሚቀጥለው በጋ ብዙ ሰው መሠረት ያስቆፍራል። ቤት አሠሪው ከግንበኛው ጋር ስለ ዋጋ ከሚያወራው ሰዓት ጥቂቱን ለፌሮው ቢሰጥ ይበጀዋል። ኮለኑን የሚጠመጥመው ስታፋ በኮለኑ ራስና እግር አካባቢ መቀራረብ አለበት፤ በመካከል ሊራራቅ ይችላል። የስታፋው ጫፍ ወደ ኮንክሪቱ እምብርት ታጥፎ መግባት አለበት፤ በማዕዘን ብቻ ከታጠፈ ውዝዋዜው ይፈታዋል፣ ከዚያ በኋላ ቋሚው ፌሮ ይጎብጣል። የብሎኬቱ ግድግዳ ከኮለኑ ጋር መያያዝ፣ ከበሩና ከመስኮቱ በላይ ቤቱን ዙሪያውን የሚያስር ቢም መኖር አለበት። አሸዋው ከአፈር የጠራ፣ ውኃው የተመጠነ፣ የፈሰሰው ኮንክሪት ቢያንስ ለሳምንት ውኃ የሚጠጣ መሆን ይገባዋል። የፌሮውን አሠራር ማየት የሚቻለው ካሳፎርማው ከመገጠሙና ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ባለው አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው፤ የወረዳው መሐንዲስም መጠራት ያለበት በዚያው ቀን ነው።